አጥማጆች ሊይዟቸው የማይፈልጓቸው ዓሦች

በዘንግና በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ከውኃው በታች ያለውን አያይም። የሚያውቀው ክሩ ሲወጠርና ዘንጉ ሲጎብጥ ብቻ ነው። ዓሣው ብቅ እስኪል ድረስ ልቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ብቅ ያለው የተመኘው ዓይነት ካልሆነ ደግሞ ጉጉቱ በአንድ ጊዜ ወደ ብስጭት ይለወጣል። በየትኛውም የዓለም ክፍል ያሉ አጥማጆች እንዲህ የሚያበሳጯቸው ዓሦች አሏቸው።

ሳይንስ እንዲህ ያለ ምድብ አያውቅም። ምድቡን የፈጠሩት አጥማጆች ናቸው፤ ከእነርሱ ሕግ አውጪዎች ወረሱት። በብሪታኒያ ሳልመንና ትራውት ለብቻቸው ተከብረው ሌላው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በጅምላ «ሻካራ» ይባል ነበር። በአሜሪካም በርካታ ግዛቶች ይህን መሰል ስያሜ በሕጋቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ በተራው አነጋገር ደግሞ «ቆሻሻ ዓሣ» የሚለው ስም ተለምዷል። አንዳንዱ ዓሣ የሚጠላው ስለሚያቆስል ነው፤ አንዳንዱ ጊዜና ማባበያ ስለሚያባክን። ብዙው ግን ምንም ሳያጠፋ፣ የተፈለገው ዓሣ ባለመሆኑ ብቻ ይጠላል። ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደረሰው ይህ የመጨረሻው ጥላቻ ነው።

ከሚያስቸግሩት መካከል የአውሮፓው ኢል ግንባር ቀደም ነው። እባብ መሰሉ ይህ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በሌሊት ነው፤ ማባበያውን እስከ ሆዱ ስለሚውጠው መንጠቆው ከጉሮሮው ወዲያ ይቀራል። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ ክሩን ቋጠሮ በቋጠሮ ያደርገዋል። ሊይዘው የሞከረ እጅ ያዳልጠዋል፤ ልጋጉ ክሩ ላይ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ አጥማጁም በባትሪ ብርሃን የተቋጠረውን ሊፈታ ሲታገል ይቆይና ክሩን ቆርጦ እንደ አዲስ ያስራል። በዚህ ምክንያት ኢልን ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ወይም ረግጦ መግደል ለረጅም ዘመን እንደ ነውር አልታየም።

ይሁን እንጂ ይህ የተጠላ ፍጡር በዓሦች ዓለም ካሉት ረጅም ጉዞዎች አንዱን የሚጓዝ ነው። የዴንማርኩ ተመራማሪ ዮሐንስ ሽሚት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጥቃቅን የኢል እጮችን እየሰበሰበ፣ መጠናቸው እያነሰ የሚሄድበትን አቅጣጫ ተከትሎ፣ የመራቢያው ስፍራ ከአውሮፓ ዳርቻ በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የሚርቀው የሳርጋሶ ባሕር መሆኑን አመለከተ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ አውሮፓ ወንዞች የሚደርሱት ግልገሎች ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም ዝርያው እጅግ በጣም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ዛሬ በእንግሊዝ በዘንግ የተያዘ ኢል ከነሕይወቱ ወደ ውኃ መመለስ አለበት።

ልጋጉ ራሱ ዓሣው ሰውን ለማስቸገር የለበሰው አይደለም። ባክቴሪያና ጥገኛ ተባይ ወደ ቆዳው እንዳይዘልቅ የሚከለክል መከላከያ ነው። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ የተጠረገ ዓሣ ሲለቀቅ ደህና መስሎ ይዋኛል፤ ቆዳው የተላጠበት ቦታ ከቀናት በኋላ ሲቆስል ግን አጥማጁ አያየውም።

የሚያቆስሉት ዓሦች ጉዳይ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። የአምባዛ ወገን የሆኑ በርካታ ዓሦች በጀርባቸውና በጎንና ጎን ክንፎቻቸው ላይ ጠንካራ እሾህ አላቸው፤ ሲደነግጡ ቀጥ አድርገው ይቆልፉታል። ብዙ ሰው የሚፈራው ረዣዥም ጢማቸውን ቢሆንም ጢሙ ምግብ ፈልጎ ማግኛ እንጂ መውጊያ አይደለም። ትልቁ አምባዛ ሳይሆን ትንሹ ይበልጥ ይወጋል፤ የግልገሉ እሾህ ገና ስላልደነዘዘ እንደ መርፌ የሰላ ነው። በሕንድና በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖሶች የሚገኘው ባለ ነጭ ሰንበር የባሕር አምባዛ መርዝ ደግሞ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ይህ ዓሣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ስለገባ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ከወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደፍጠው ዊቨር መጠኑ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ በጥቁሩ የጀርባ ክንፉ የተወጋ ሰው ግን ሕመሙን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ለዚህና ለሌሎች በርካታ መርዛማ እሾህ ላላቸው ዓሦች የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ የተወጋውን እጅ ወይም እግር ቆዳ በማያቃጥል መጠን በሞቀ፣ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ነው፤ መርዙ በአብዛኛው ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀት ያፈርሰዋል። የውኃውን ሙቀት አስቀድሞ ባልተወጋው እጅ መሞከር ያስፈልጋል፤ በሕመም የደነዘዘ እጅ መቃጠሉን አይለይምና። ሕመሙ ካልበረደ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ነጠብጣብ ያለበት ትንሹ የአትላንቲክ ሻርክ እሾህም መርዝም የለውም፤ ቆዳው ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሲያዝ ሰውነቱን በአጥማጁ ክንድ ላይ ይጠመጥምና ቆዳ እየላጠ ይንሸራተታል። ልምድ ያለው ሰው ጅራቱን ወደ ጭንቅላቱ አጥፎ ሁለቱን በአንድ እጁ ይይዛል። በአፍሪካ ወንዞች የሚኖረው የኤሌክትሪክ አምባዛ ደግሞ እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ንዝረት ያመነጫል፤ ሥዕሉ ከ4,000 ዓመታት በፊት በተሠሩ የግብፅ መቃብር ግድግዳዎች ላይ ይገኛል።

ማባበያ ሌቦቹ ሰውን አይጎዱም፣ ትዕግሥቱን ግን ይፈታተናሉ። ከሁሉም የከፋው ሆዱን የሚነፋው ፓፈር ነው። በመንቁር ቅርጽ የተገጣጠሙት ጥርሶቹ ክርን ብቻ ሳይሆን መንጠቆንም ይቆርጣሉ። ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ የተሻገረው ብርማ ጉንጩ ፓፈር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተሰራጭቶ መረብ ይቀድዳል፣ በመረብ የተያዘውንም ዓሣ ይበላል፤ ቆጵሮስና ቱርክ ለሚይዙት ሰዎች ገንዘብ እስከ መክፈል ደርሰዋል። በሥጋው ውስጥ ያለው ቴትሮዶቶክሲን የተባለ መርዝ ከዊቨር መርዝ በተቃራኒ በማብሰል አይጠፋም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ይህን ዓሣ ያየ ሰው «ትንሽ ብቀምሰው ምን ይሆናል» ሊል አይገባም።

ጎቢ የሚባለው ጣት የሚያህል ዓሣ ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕሮች አካባቢ በመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውኃ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ደረሰ፤ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። መንጠቆው የሐይቁን ወለል ገና ከመንካቱ ማባበያውን ይዞ ይገኛል፤ የሌሎችን ዓሦች ዕንቁላልም ይበላል። ቢሆንም ከእነዚህ ሐይቆች በአንዱ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖበት የነበረው የኤሪ ሐይቅ የውኃ እባብ ዋና ቀለቡን ጎቢ አድርጎ ቁጥሩ በማንሰራራቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በፌዴራል ደረጃ ከተጠበቁ ዝርያዎች ዝርዝር ወጥቷል።

ጥላቻ የዓሣው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ካርፕ በግልጽ ያሳያል። የትውልድ ስፍራው አውሮፓና እስያ ነው። የአሜሪካ የዓሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1877 ከጀርመን አስመጥቶ ሲያራባው ዜጎች ለኩሬዎቻቸው እንዲሰጣቸው ማመልከቻ ያጎርፉ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጭቃ እየማሰ ውኃ ያደፈርሳል፣ የውኃ ዕፅዋትን ይነቅላል ተብሎ ተጠላ። በአውስትራሊያ የመሪ ዳርሊንግ ወንዞች ደግሞ በአንዳንድ ቦታዎች ከጠቅላላው የዓሣ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ካርፕ ነው፤ በዚያች አገር አንዳንድ ግዛቶች የተያዘን ካርፕ ከነሕይወቱ መልሶ መልቀቅ በሕግ ያስቀጣል። በእንግሊዝ ግን ሪቻርድ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1952 የያዛት 20 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ካርፕ ክላሪሳ የሚል ስም ወጥቶላት ለለንደን የእንስሳት ማቆያ ተሰጠች፤ እስከ 1971 ድረስም ጎብኚዎች ያዩዋት ነበር። ዛሬም የእንግሊዝ አጥማጆች ለአንድ ካርፕ ሌሊቶችን በድንኳን ያሳልፋሉ፣ ሲይዙትም እርጥብ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ቁስሉን መድኃኒት ይቀባሉ።

በአሜሪካና በአውስትራሊያ ካርፕ መጤ ስለሆነ የሚቀርብበት ክስ መሠረት አለው። አገር በቀል ሆነው የተጠሉት ዓሦች ታሪክ ግን ያሳዝናል። የተራራው ዋይትፊሽ የትራውት የቅርብ ዘመድ ሆኖ፣ በዚያው ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ እየኖረ፣ ትራውት ባለመሆኑ ብቻ ዳር ላይ ሲጣል ኖሯል። ወገኑ ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የቆየውና ከሁለት ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው አዞ መሰሉ «አሊጌተር ጋር» የተባለ ዓሣ ደግሞ ተፈላጊ ዓሦችን ይጨርሳል ተብሎ ተፈረደበት፤ በቴክሳስ በ1930ዎቹ እነዚህን ዓሦች በኤሌክትሪክ የሚገድል ጀልባ እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። ሆዱን ከፍተው የመረመሩ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ያገኙት አጥማጆች የማይፈልጓቸውን ዓሦች ነበር። ያው ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሰው በቀን ከአንድ በላይ እንዳይወስድ ገደብ አወጣ።

ከሁሉም የሚከብደው የግሪን ወንዝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962፣ በዋዮሚንግና በዩታ ግዛቶች ግድብ ሊሞላ ሲል፣ ባለሥልጣናት በአዲሱ ሐይቅ ትራውት ለማራባት ወንዙን «ከቆሻሻ ዓሣ» ለማጽዳት ወሰኑ። ከወንዙና ከገባሮቹ 700 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ላይ ሮቴኖን የተባለ መርዝ ፈሰሰ፤ ይህ ንጥረ ነገር ዓሣው ከውኃ ያገኘውን ኦክስጅን ሕዋሶቹ እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል። የዓሣ ሊቃውንት ካርል ሀብስና ሮበርት ሚለር አስቀድመው ተቃውመው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። መርዙን ያረክሳል የተባለው ጣቢያም ሳይበቃ ቀርቶ መርዙ ወደ ተጠበቀው ዳይነሶር ብሔራዊ ስፍራ ዘልቆ ፈሰሰ። በዚያ የወንዝ ሥርዓት ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዓሦች ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ኮሎራዶ ፓይክሚኖው፣ ቦኒቴይል፣ ባለ ጉብታው ቸብና ሬዘርባክ ይገኙበታል። ሁሉም ከጊዜ በኋላ በመጥፋት ላይ ካሉት ተመዘገቡ። ምክንያቱ መርዙ ብቻ አልነበረም፤ ግድቦቹና መጤ ዓሦችም ድርሻ አላቸው። ዛሬ ቦኒቴይልና ሬዘርባክ በማራቢያ ጣቢያ እየተፈለፈሉ በእጅ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ።

ቢግማውዝ ቡፋሎ የሚባለው ዓሣ ከሩቅ ሲያዩት ካርፕ ስለሚመስል አብሮ ሲጠላ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በጆሯቸው ውስጥ ያለችውን ጠጠር መሰል አካል ሰንጥቆ፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቶቿን ቆጥሮ፣ አንዱ ዓሣ 112 ዓመት የኖረ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በፊት ዕድሜው ከ30 ዓመት እንደማያልፍ ይታመን ነበር። በአንዳንድ ሐይቆች ብዙዎቹ ያረጁ ሆነው የሚገኙት ግልገሎቹ ለአቅመ መራባት የሚደርሱባቸው ዓመታት ጥቂት በመሆናቸው ነው። በሌሊት በመብራት እየተፈለጉ በቀስት የሚገደሉት ታዲያ ምትካቸው ሳይመጣ ነው።

ያልተፈለገን አገር በቀል ዓሣ መያዝ ሁልጊዜ ስህተት ነው ለማለት አይደለም። በአሜሪካው ኮሎምቢያ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሰሜናዊውን ፓይክሚኖው ለሚይዙ አጥማጆች በየዓሣው ገንዘብ ይከፈላል፤ የተመረጠውም ትልልቁ፣ የሳልመን ግልገል የሚበላው ነው። ዓላማው ዓሣውን ማጥፋት ሳይሆን ግድቦቹ ያበዙለትን ሲሳይ መልሶ መቀነስ ነው። ከግሪን ወንዝ የሚለየው ይህ ልክ ማወቁ ነው።

ያልፈለገው ዓሣ መንጠቆው ላይ የመጣበት አጥማጅ ከሁሉ አስቀድሞ ዝርያውን መለየት አለበት፤ ካርፕና ቡፋሎን ለመለየት አፉን ማየት ይበቃል፣ ካርፕ በአፉ ዳርና ዳር አጫጭር ጢም አለው፣ ቡፋሎ የለውም። ወራሪ ከሆነ የአካባቢው ሕግ የሚያዝዘውን ይፈጽም፤ አገር በቀል ከሆነ እጁን አርጥቦ ይያዘው። ኢል በጀርባው እርጥብ ቦታ ላይ ሲጋደም አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። እሾህ ያለውን ዓሣ ሳይነኩ በረጅም ፒንሳ መንጠቆውን መንቀል ይሻላል፤ መንጠቆው ጠልቆ ከተዋጠ ክሩን አፉ አጠገብ መቁረጥ አንጀቱን ከመጎተት ይልቅ የመትረፍ ዕድሉን ያሰፋለታል። ከዚያ በኋላ ዓሣውን ወደ ውኃው መወርወር አይገባም፤ ቀጥ አድርጎ ውኃ ውስጥ ደግፎ መያዝና በራሱ ጅራት ገፍቶ እስኪሄድ መጠበቅ ነው።