ሰብዓዊ መብትን በእውነተኛ ጉዳይ ማስተማር

የሰብዓዊ መብት ሥራን አንቀጽ በመሸምደድ ብቻ መማር አይቻልም። ስለዚህ በሕግ ትምህርት ቤትም ሆነ በአጭር ሥልጠና፣ በሰው ላይ የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል። ሁሉም «ኬዝ» ይለዋል። በሕግ ትምህርት ዘዴው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1870 ሃርቫርድ ከጀመረው በኋላ ነው። እዚያ የሚነበበው ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ለመብት ሠራተኛ ከውሳኔው በፊት ያለው መንገድ ይበልጥበታል።

ለእኛ አገር ተማሪ ከአርሲው የጠለፋ ጉዳይ የተሻለ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጥሏት ጠላፊው ታሰረ። በዋስ ሲለቀቅ መልሶ ጠለፋት። ከአንድ ወር በኋላ ስታመልጥ የጋብቻ ውል በግድ አስፈርመዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጠላፊው 10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉንም በነጻ ለቀቃቸው። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ቢኬድም አልሆነም።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅት ጉዳዩን ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረቡ። ቁጥሩ 341/2007 ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ለልጅቷ 150,000 ዶላር እንድትክስ ወሰነ። በሴትነቷ መድልዎ ደርሶባታል የሚለውን ክስ ግን አልተቀበለም። እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ክርክሩም ይጦፋል።

ጎበዝ አሠልጣኝ ታሪኩን አንዴ አይዘረግፈውም። ዋስትናው ላይ ሲደርስ ያቆማል። «ጠላፊው ነገ ጠዋት ይፈታል። ዛሬ ማታ ማንን ታነጋግራላችሁ?» ይላል። አንዱ ፖሊስ፣ አንዷ አቃቤ ሕግ፣ ሌላው አባት ሆኖ ይመልሳል። የሕጉም ታሪክ አብሮ ይነሳል። የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ።

ዘዴው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የልጅቷ ስም በአደባባይ ቢታወቅም ክፍል ውስጥ መጥራት አያስፈልግም። ከተማሪዎቹ መካከልም ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ርዕሱ አስቀድሞ ይነገራል። መውጣት የፈለገች ምክንያት ሳትጠየቅ ትወጣለች።