የሕክምና ጥናቶችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መፈለግ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሕክምና ጥናት ፍለጋ የገባው ከቻትጂፒቲ በፊት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ፐብመድ ውጤቶቹን በቅደም ተከተል የሚደረድረው ከተጠቃሚዎች ምርጫ በተማረ ስልት ነው። ሆኖም ፐብመድ የሚያሳየው በመዝገቡ ያለውን ጥናት ሲሆን ቻትቦት ያልተጻፈ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ሊጠቅስ ይችላል። ሜታ በኖቬምበር 2022 ለሳይንስ ያቀረበው ጋላክቲካ የተባለ የቋንቋ ሞዴል በዚሁ ዓይነት ትችት የተነሳ በሦስት ቀን ለሕዝብ ዝግ ሆኗል።

ኤችአይቪም ካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ያለበትን ታካሚ ሕክምና ለመፈለግ ቻትቦቱን ተመሳሳይ ስያሜዎች ብቻ መጠየቅ ይበቃል። የሚሰጣቸው ቃላት አንድ በአንድ በሜሽ፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍቱ የርዕስ ቃላት መዝገብ፣ ይፈተሻሉ፤ ቻትቦት የሌለ ርዕስ መፍጠር ልማዱ ነውና። ካላዛር እዚያ የሚገኘው «ሌይሽማኒያሲስ፣ ቪሰራል» በሚለው ሥር ነው። ተመሳሳይ ቃላት በ«ኦር» (ወይም) ተያይዘው በቅንፍ ይገባሉ፤ ካላዛርና ኤችአይቪ ደግሞ በ«ኤንድ» (እና) ይገናኛሉ። አዲስ ጽሑፍ የሜሽ ርዕስ ሳይሰጠው ሊቆይ ስለሚችል ቃላቱን በጥናቱ ርዕስና በአሕጽሮቱ (በአጭር ማጠቃለያው) ውስጥም መፈለግ ግድ ነው። የቃልን የተለያዩ መጨረሻዎች ለመያዝ የሚገባው ኮከብ ምልክት (*) ከፊቱ ቢያንስ አራት ፊደል ይፈልጋል፤ ሲገባም ፐብመድ ቃሉን በራሱ ወደ ሜሽ መተርጎሙን ያቆማል። ቻትቦት ያቀናበረው የፍለጋ ሐረግ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን ይህን በአንድ እይታ ይይዘዋል።

የተጠቀሰ ጥናት ሁሉ በፐብመድ መለያ ቁጥሩ ይከፈታል። ቁጥሩ መከፈቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ እውነተኛ ቁጥር የሌላ ጥናት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ርዕሱ፣ የመጀመሪያው ደራሲ፣ መጽሔቱና ዓመቱ መግጠም አለባቸው። ጥናቱ ከታተመ በኋላ የተሰረዘ መሆኑም እዚያው ይታያል።

የመድኃኒት መጠን ከቻትቦት ማጠቃለያ አይወሰድም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 መመሪያ ኤችአይቪም ካላዛርም ላለባቸው ታካሚዎች ከሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ጋር በቀን 100 ሚሊግራም ሚልቴፎሲን ያዛል፤ ለምሥራቅ አፍሪካ 28 ቀን፣ ሕንድን ለሚጨምረው የድርጅቱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ክልል 14 ቀን። ማጠቃለያው አካባቢውን ከዘለለ የመተማ ታካሚ የሕንዱን ግማሽ ኮርስ ሊወስድ ነው።

የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር ወደ ቻትቦት አይገቡም። ያው ጥያቄ ሌላ ቀን ሌላ መልስ ስለሚሰጥ የመሣሪያው ስም፣ ቀኑና ጥያቄው ይመዘገባሉ።

ሙሉ ጽሑፍ ለታዳጊ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው በሂናሪ በኩል ሊገኝ ይችላል። ፐብመድ ያላካተታቸው የአፍሪካ መጽሔቶች ስላሉ የእነዚህ መጽሔቶች የኢንተርኔት መድረክ የሆነው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም ለብቻው ይፈተሻል።