የቀዶ ሕክምና ጥናት በጥቁር አንበሳና በዙሪያው

መሃል አዲስ አበባ ላይ ስለ ቀዶ ሕክምና ጥናት ከተነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ጥቁር አንበሳ ነው። ይገባዋልም።

ታሪኩ ግን ይቀድመዋል። ከአድዋ ድል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አክመዋል። ቀጥሎ የምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ፤ አንዳንዱ 1909 ይላል፣ አንዳንዱ 1910። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1964 ተጀመሩ። ፋኩልቲውን በዲንነት ከመሩት አንዱ ኤድንብራ የተማሩት የቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ናቸው።

ጥናቱ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከካርድ ክፍል። ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም፣ ለመመረቅ የምርምር ሥራ ማቅረብ አለበት፤ ስለዚህ የጥቂት ዓመታት ካርድ አስወጥቶ ማን በምን ታመመ፣ ስንት ቀን ቆይቶ መጣ፣ ምን ተሠራለት፣ ተረፈ ወይስ አልተረፈም የሚለውን አንድ በአንድ ይለቅማል። አድካሚ ሥራ ነው። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ለጥናቱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሕክምናዎችን ማወዳደር ገንዘብም ሰውም ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚያንሰው።

እንዲህም ሆኖ የራሳችን ጥያቄ የተጠናው በዚሁ መንገድ ነው። የአንጀት መታጠፍን እንውሰድ። ምዕራባውያን አገሮች ትልቁ አንጀት ሲዘጋ አስቀድመው ካንሰር ይጠረጥራሉ። እኛ ጋ ግን ከፊንጢጣ በላይ ያለው ረጅም የአንጀት ክፍል በራሱ ላይ ዞሮ መታጠፉ ዋና ምክንያት ነው፣ በተለይ በወንዶች። ራጅ ሲነሳ በአየር የተነፋው አንጀት ትልቅ የቡና ፍሬ ይመስላል። አንጀቱ ካልሞተ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስወጣት ይቻላል። ሆዱ ወዲያው ይሟሽሻል፣ ሰውየውም እፎይ ይላል። ግን ተመልሶ ስለሚታጠፍ፣ ረጅሙን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይመከራል። ከሞተ ግን ቀጠሮ የለም፣ ወዲያው ኦፕራሲዮን ነው። ለምን እኛ ላይ በዛ? አሰር የበዛበት ምግብ ነው የሚሉ አሉ፣ ከፍታ ቦታ መኖርን የሚያነሱም አሉ። አንጀቱ መርዘሙ ግን አያከራክርም።

ትርፍ አንጀት ሌላው ነው። ሲቲ ስካን እንደልብ በማይገኝበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአልቫራዶ ነጥብ ሕመሙን ለመለየት ጥሩ አጋዥ ነው። ሕመሙ ወደ ቀኝ መውረዱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ትኩሳቱ፣ የነጭ ደም ሴል መጨመሩና ሌሎች ምልክቶች ተደምረው ከ10 ይታረማሉ። ነጥቡ በሴቶች ላይ ሊያሳስት ይችላል፣ የእንቁላል ማቀፊያ ሕመምም እዚያው ቦታ ስለሚያም።

ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ጥቁር አንበሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ።

የጥናቶቹ ሁሉ ፈተና አንድ ነው፦ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ። ቁስል መመርቀዙን ለማወቅ እስከ 30 ቀን መከታተል ያስፈልጋል፣ ሰውየው ግን ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ አጥኚው ስልኩን ይቀበላል፤ የሱ ካልሠራ የልጁን፣ የልጁም ካልሠራ የጎረቤቱን ይደውላል።