«ሳስቀምጠው እኮ ይሠራ ነበር»፦ ከበረዶ ወራት በኋላ አልነሳ ስለሚል አሮጌ የጀልባ ሞተር

ሚኒሶታ ውስጥ የዋልአይ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት የሚከፈተው በሜይ አጋማሽ አካባቢ ባለ ቅዳሜ ነው። የጀልባ ሞተር ስለምጠግን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ስልኬ አያርፍም። የሚደውለው ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ የመጀመሪያው ቃሉ አንድ ነው፦ «ሳስቀምጠው እኮ ይሠራ ነበር!»

ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። የሚናገረው ሰው እንደ ማስረጃ ነው የሚያቀርበው። በኦክቶበር ይሠራ ስለነበር ጥፋቱ የዛሬ ነው፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ደጋግሞ ቁልፍ ቢያዞር ይነሳል ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሮጌ ሞተር ከመሥራት ይልቅ በመቆም ይበላሻል። ስድስት ወር በቆመበት ጊዜ ቤንዚኑ ያረጃል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ የሽቦ ጫፎች ይዝጋሉ፣ የፖምፓው ጎማ ይደርቃል፣ አይጥ ሽቦ ይበላል። ስለዚህ ጥያቄው «ሲቀመጥ ይሠራ ነበር ወይ?» አይደለም። «ሲቀመጥ ምን ተደረገለት?» ነው።

ብዙ ጊዜ መልሱ «ሸራ አለበስኩት» ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ቤንዚን አይበላሽም» የሚለው እምነት ነው። ይበላሻል። እዚህ ከማደያ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል። ውሃው ከመጠን ሲያልፍ ኢታኖሉና ውሃው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይወርዳሉ። የነዳጅ መምጠጫው ቱቦ ያለው ከታንኩ ሥር ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው ያንን ውሃ ነው ማለት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቀልለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህ የባሰ ነው፤ ዘይቱ ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀር ከታች የሚሳበው ፈሳሽ ማለስለሻ የለውም። ታንኩን መነቅነቅ መልሶ አያዋህደውም።

ካርቡሬተር ውስጥ የቀረው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እዚያ ያለው ቤንዚን ጥቂት ነው። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ ዝቃጭ ነው። ነዳጅ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በጣም ቀጫጭን ናቸው፤ ያ ዝቃጭ በቀላሉ ይደፍናቸዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ያገራችን ሰው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት አሮጌ ሞተር ይዞ መጣ። ካንዴላ ቀይሯል፣ ባትሪ ቀይሯል፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ቦቢናም ቀይሯል። ሰው የነገረውን ሁሉ ገዝቷል። ካርቡሬተሩን ስፈታው ታችኛው ሳህን ውስጥ አረንጓዴ ማር የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ የቀለም ሽታ ይሸታል። ተፈታ፣ ተዘፈዘፈ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በአየር ተነፋ፣ ጋስኬቱ ተቀየረ፣ አዲስ ቤንዚን ተሰጠው። ተነሳ። የጣላቸው ዕቃዎች ሁሉ ጤነኞች ነበሩ። እንዲህ ያለው ገንዘብ ሲባክን ያሳዝነኛል፤ ሰውየው ታክሲ ነድቶ ያገኘው ገንዘብ ነው።

እናም ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ከታንኩ ሥር ትንሽ ቤንዚን ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ማሰሮ ቅዱ። ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡት። ከታች የተለየ ንብርብር ካያችሁ፣ ወይም ቀለሙ ጠቁሮ የኮመጠጠ ሽታ ካለው፣ ሁሉንም አውጡና አስወግዱ። መሬት ላይ ወይም ፍሳሽ ውስጥ አትድፉት፤ ካውንቲዎች አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበሉበት ቦታ አላቸው። ከዚያ ሚኒሶታ ውስጥ ለጀልባና ለትናንሽ ሞተሮች የተፈቀደውን ኢታኖል የሌለው ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ፈልጉ። ብዙ ማደያዎች አላቸው። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ካርቡሬተር ከማሠራት ይረክሳል። ከአገር ቤት ስለቆመ ጀነሬተር የሚጠይቁኝም አሉ። እዚያ ባይበርድም፣ ለወራት ካርቡሬተር ውስጥ የከረመ ቤንዚን የሚያመጣው ጣጣ ያው ነው።

ሌሎች የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ስታቢላይዘር ጨምሬበታለሁ።» መቼ? በሜይ ከሆነ ዋጋ የለውም። ስታቢላይዘር ትኩስ ቤንዚንን ያቆያል እንጂ ያረጀውን አያድስም። በመጸው ከጨመራችሁ በኋላም ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት አለባችሁ። አለዚያ ታንክ ውስጥ ይቀራል፣ ካርቡሬተሩ ጋ አይደርስም።

«ኤተር (የሞተር ማስነሻ ስፕሬይ) ብትነፋበት ይነሳል።» እባካችሁ ተዉት። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ኤተር ዘይት የለውም፤ እንዲያውም ያለውን ያጥባል። ፒስተንና ሲሊንደር በደረቁ ይፋተጋሉ። ለምርመራ ከፈለጋችሁ ዘይት የተቀላቀለበት ትኩስ ቤንዚን በትንሽ መርጫ ወደ አየር መግቢያው ጠቅ አድርጉ። ለአፍታ ተነስቶ ከጠፋ የካንዴላው ብልጭታ አለ፣ የጎደለው ነዳጅ ነው። ምንም ካላለ ወደ ብልጭታው ሂዱ። ኢንጅኑ ከኋላ የተንጠለጠለ ሳይሆን ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ግን ይህንንም አትሞክሩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። እንዲህ ባለ ጀልባ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ትነቱን የሚያስወጣውን ማራገቢያ ቢያንስ አራት ደቂቃ አሠሩ፣ ከዚያም በአፍንጫችሁ አሽትቱ።

«ደጋግሜ ሳዞረው ይነሳል።» ሞተሪኖው ነው የሚቃጠለው። አሥር ሰከንድ አዙሩ፣ ሁለት ደቂቃ አሳርፉ። ከሦስት አራት ሙከራ በኋላ ቁሙና ካንዴላውን ፍቱ። እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፣ ብልጭታ ፈልጉ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ይህች አንዲት እይታ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። እኔ ጋ ከሚደውሉት ብዙዎቹ ግን የካንዴላ መፍቻ እንኳ የላቸውም።

«መብራቱ ስለሚበራ ባትሪው ደህና ነው።» መብራት የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሪኖ ከመቶ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በቴስተር ለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ10 ቮልት ብዙ ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የኬብሉ ጫፍ ዝጓል። ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ፍተጉ፣ የሞተሩ ብሎክ ላይ የሚታሰረውን ኔጌቲቭም አትርሱ። ሌላም አለ፤ የወረደ ባትሪ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በረዶ ይሆናል። እዚህ እንዲህ ያለ ቀን በጋራዥ ውስጥም አይጠፋም። ሆዱ ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ። ሊፈነዳ ይችላል።

«ብልጭታ የለውም፣ ቦቢናው ሞቷል።» መጀመሪያ ከሰውነት ጋር የምትታሰረዋ ቀይ ገመድ ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ። እሷ ከወጣች ሞተሩ አይነሳም። ማርሹም ዜሮ ላይ ይሁን።

«ነዳጅ ፖምፓው ተበላሽቷል።» የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን ከፍታችኋል? በቱቦው መሀል ያለችውን የጎማ ኳስ እስክትጠነክር ጨምቃችኋል? ፈጽሞ ካልጠነከረች አየር የሚስብ ቦታ አለ፣ ወይም ኳሷ ራሷ አርጅታለች።

«ዘይት ቢበዛ አይጎዳም።» ካንዴላ ያቆሽሻል። መመሪያው 50 ለ1 ካለ፣ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 76 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ነው።

«ግቢ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያለ ውሃ ባሠራው ምን ይሆናል?» የውሃ ፖምፓው ጎማ ይቃጠላል። የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎች ከሁለት ጎን የሚሸፍነውን የጎማ «ጆሮ ማልበሻ» ግጠሙና ከሆስ ጋር አገናኙ፣ ውሃውን ክፈቱ፣ ከዚያ አስነሱ። ከጎን የምትወጣዋን ቀጭን የውሃ መስመር ካላያችሁ ወዲያው አጥፉ።

«የመኪና ሞተሪኖ ያው ነው፣ ርካሹን ግዛ።» ጀልባ ውስጥ ለተቀመጠ የቤንዚን ኢንጅን ይህ በሕይወት መቀለድ ነው። የጀልባው ሞተሪኖና አልተርኔተር ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የመኪናው አይደለም። ያ ወለል ላይ የተኛ የቤንዚን ትነት ደግሞ አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በዚሁ ዓይነት ኢንጅን ላይ ሌላም ልብ በሉ። ከብሎኩ ውስጥ ውሃው ሳይፈስ ከርሞ ከሆነ ቁልፍ አትንኩ። ውሃ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ብረት ይሰነጥቃል። የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ጎትታችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

«አርጅቷል፣ ጣለውና አዲስ ግዛ።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ አዲስ የሚሸጡ ናቸው። ከመጣላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለኩ። መለኪያው ርካሽ ነው፣ ሥራውም አጭር ነው። ሲሊንደሮቹ ከተቀራረቡ፣ ማለትም ልዩነታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ካላለፈ፣ ብልጭታና ንጹሕ ቤንዚን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አንዱ ከሌላው በጣም ከወረደ ግን በዚያ ሞተር ላይ ተጨማሪ ዕቃ አትግዙ፤ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ይታይ።