ዲቪዥን ስሪ ምንድን ነው? ስለ «ፉል ስኮላርሺፑም» ስለ «ማደጉም»

በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ይጀምራል። ልጁ የኮሌጁን ኮፍያ አጥልቆ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይፈርማል። እናት በሐበሻ ቀሚስ ከጎኑ፣ አባት ስልኩን ደግኖ ከፊት። ከቪዲዮው ስር «በአሜሪካን ፉትቦል ፉል ስኮላርሺፕ አገኘ!» ተብሎ ይጻፋል። ኮሌጁን አየት ሳደርገው ዲቪዥን ስሪ ነው፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ከተከፈለባቸው ሦስት ምድቦች ሦስተኛው ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ከስሩ መጥቶ «ሦስተኛ ዲቪዚዮን ምን ዋጋ አለው? ለነገሩ ቡድኑ ካሸነፈ ወደ ሁለተኛ ያድጋል» ብሎ አስተማረን። በአንድ ቪዲዮ ሁለት ስህተት። እኔ የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ፣ በተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ዲቪዥን ስሪ ውስጥ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። ትንሽ ነው፣ ግማሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ኮሌጁ ድጋፍ ሲያከፋፍል ልጁ ኳስ ይችላል ብሎ አንድ ዶላር እንኳ መጨመር አይችልም። ያ የተፈረመው ወረቀትም ለፎቶ የተፈቀደ ነው። ልጁንም ኮሌጁንም አያስርም።

«በደብዳቤው ላይ ትልቅ ቁጥር አለ እኮ» የሚል አይጠፋም። አለ። እሱ ወይ በሃይስኩል ውጤቱ የመጣ ነው፣ ወይ በቤተሰቡ ገቢ። ኳስ ነክቶ የማያውቅ ጎረቤቱም በዚያው ውጤትና ገቢ ያንኑ ያገኛል። ደስ የሚለው ደግሞ ልጁ ጉልበቱን ተጎድቶ ወይም ሰልችቶት ቡድኑን ቢለቅ ገንዘቡ አብሮ አይሄድም። የውጤት ድጋፉ ግን ብዙ ጊዜ የጂፒኤ ወለል አለው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ይቆረጣል። ፋፍሳውም (የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ቅጹ) በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። ኡበር የምትነዱ ወላጆች፣ የታክስ ወረቀታችሁን በጊዜ ጨርሱ። (ሳልጠየቅ ነው የምናገረው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው።)

አሁን ወደዚያ «ያድጋል» ወዳለው ሰው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ኮሌጆችን በሦስት የከፈለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አከፋፈሉ የአሸናፊና የተሸናፊ ሳይሆን የአኗኗር ነው። ለስፖርት ምን ያህል ማውጣት እንፈልጋለን፣ በምን ደንብ እንተዳደር የሚለውን ኮሌጁ ራሱ ይመርጣል። ዋንጫ በልቶ የሚወጣ የለም፤ ተሸንፎ የሚወርድም የለም። ባልቲሞር ያለውን ጆንስ ሆፕኪንስን ተመልከቱ። ፉትቦሉ ዲቪዥን ስሪ ነው፣ ላክሮሱ (በመረብ ዱላ የሚጫወቱት ኳስ) ዲቪዥን ዋን። አንድ ግቢ፣ አንድ ስም። ነገሩ የደረጃ መሰላል ቢሆን ይህ እንዴት ይሆናል?

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ ይብሳል። በ1935 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት መጀመሪያ የወሰደው ጄይ በርዋንገር የዚያ ቤት ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን በ1939 ፉትቦሉን በቃኝ ብሎ ዘጋው። በ1969 ሲመልሰው በትንሹ መለሰው፤ ዛሬ ዲቪዥን ስሪ ነው። ማንም አላወረደውም። የዲቪዥን ስሪ የፍጻሜ ጨዋታ «ስታግ ቦውል» የሚባለውም ቺካጎን ለአርባ ዓመት ባሠለጠነው በኤሞስ አሎንዞ ስታግ ስም ነው።

በጽዋ ማኅበር ላስረዳችሁ። ማኅበር ውስጥ አንደኛና ሦስተኛ የለም። ሁሉም ተራ አለው፤ ሁሉም በደንቡ ይደግሳል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጠላ። አሁን አንዱ ማኅበርተኛ ሀብታም ሆነና ተራው በደረሰ ቁጥር በሬ ይጥል ጀመር። ደንብ አላፈረሰም። በሚቀጥለው ወር ተረኛዋ ዳቦዋን ስታቀርብ ግን ታፍራለች። ሚኔሶታ የሆነው ይኸው ነው። ሴንት ፖል ያለው ሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ የሚኔሶታ ኮሌጆች የሚጫወቱበትን የዲቪዥን ስሪ ሊግ በ1920 ከመሠረቱት አንዱ ነው። እያደገ ሄዶ ተማሪው ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። በ2017 የሊጉን ባልደረባ ሴንት ኦላፍን በፉትቦል 97 ለ 0 አሸነፈ። (አዎ፣ ማኅበሩ ቅዱሳን የበዙበት ነው፤ ሴንት ጆንስም አለበት።) በ2019 ማኅበርተኞቹ «እባክህ፣ ሌላ ማኅበር ፈልግ» አሉት። የወጣው ስላሸነፈ ተሸልሞ ሳይሆን ተገፍቶ ነው።

የት ገባ? ያ ሰውዬ እንዳለው ቢሆን ዲቪዥን ቱ መግባት ነበረበት። በ2021 በልዩ ፈቃድ በቀጥታ ዲቪዥን ዋን ገባ። ፉትቦሉ የገባው ግን ፓየኒር ሊግ የሚባል፣ የፉትቦል ስኮላርሺፕ የማይሰጥ ሊግ ውስጥ ነው። በሬ ከሚጥሉት ጋር ማኅበር ገባ፣ የፉትቦሉ ዕለት ግን እዚያም ዳቦና ቆሎ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ተንገዳገደ፤ ግድ የለም፣ እነ ሃርቫርድም ዲቪዥን ዋን ሆነው የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

«ምን ዋጋ አለው» ላለው ደግሞ፦ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ፣ ከየትኛውም ዲቪዥን ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው አሠልጣኝ የሴንት ጆንሱ ጆን ጋግሊያርዲ ነው፤ 489 ጊዜ። በልምምድ ላይ ልጆቹን እርስ በርስ አያጋጭም ነበር። በ2003 የዲቪዥን ስሪ ፍጻሜ 55 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን የማውንት ዩኒየን ኮሌጅን 24 ለ 6 ረታ። ከዲቪዥን ስሪው ሆባርት ኮሌጅ የወጣው አሊ ማርፔት በ2015 የፕሮፌሽናል ሊጉ (ኤንኤፍኤል) አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ በሁለተኛው ዙር ለታምፓ ቤይ ተመረጠ፤ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልንም በልቷል። እንዲህ ያለ ዕድል ብርቅ ነው፣ ልጃችሁን በዚህ ሂሳብ አትላኩት።

አብዛኛው ተጫዋች የሚያውቀው 10 ጨዋታ ነው። መስከረም ይጀመራል፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ያልቃል። ለዋንጫ የሚቀጥሉት 40 ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ከሁለት መቶ የሚበልጠው ቡድን ወደ ላይብረሪው ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ማንም አያነሳም። ዲቪዥን ስሪ ውስጥ ተጫዋቹ ከፋይ ነው። ቡድን ውስጥ ስንት ልጅ ይኑር የሚል አገር አቀፍ ጣሪያ የለም፤ ከመቶ በላይ የያዘ ቡድን ሞልቷል። ተማሪ ያነሰው ትንሽ ኮሌጅ ፉትቦል የሚከፍትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መቶ ልጅ መቶ ቲዩሽን ነው። አንዳንድ ቦታ አሠልጣኙ ስንት አዲስ ልጅ እንዳመጣ በቁጥር ይጠየቃል። ስለዚህ ሳሎናችሁ ድረስ መጥቶ ዶሮ ወጣችሁን ሲያሞግስ በደንብ አስተናግዱትና ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ከአራት ዓመት በፊት ስንት አዲስ ልጅ አስገባህ? ከእነሱ ዘንድሮ ስንቱ ቡድኑ ውስጥ አለ? የገንዘቡን ጥያቄ እኛ ቢሮ አምጡት።