«ድንጋይ ሳይናገር አይወድቅም» ለሚሉኝ ሁሉ

ባለፈው ዓመት ከደጀን ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ለቅሶ ደረስኩ። ሟቹ የአክስቴ ልጅ ነው። ግድግዳ የሚቀባበትን ነጭ አፈር ሲቆፍር ከላዩ የተንጠለጠለው ተደረመሰበት። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «እንዴት ሳይሰማው ቀረ? ድንጋይ እኮ ሳይናገር አይወድቅም» አሉ። በዙሪያቸው ያሉትም «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶ ላይ መከራከር ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ዓመት ሙሉ ሲቆጠቁጠኝ ከረመ።

ሥራዬ ይኸው ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ዊትባንክ አካባቢ፣ በአንድ ከርሰ ምድር የከሰል ድንጋይ ማዕድን ውስጥ ሰባት ዓመት ጣሪያና ምሰሶ ስመረምር ኖሬያለሁ። ጣሪያ የምለው ከሰሉ ወጥቶ ባዶ ከቀረው ቦታ በላይ ያለውን ድንጋይ ነው፤ ምሰሶ የምለው ደግሞ ጣሪያውን እንዲሸከም ሳይቆፈር የሚተወውን ከሰል። አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ። ወደ ጭልጋ፣ ወደ ያዮ፣ ወደ ደልቢ ለከሰል ሥራ የሚሄዱ የሰፈር ልጆች ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ያንኑ ቃል ይደግሙልኛል፦ «አይዞህ ጋሼ፣ ሊወድቅ ሲል እንሰማዋለን።» የአገራችን ከሰል በአብዛኛው ከላይ ተገልጦ ነው የሚወጣው። ንጣፉን ተከትሎ ወደ ጎን መቦርቦር ከተጀመረ ግን ከራስ በላይ ጣሪያ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ቢሆንም ሦስት መቶ ቢሆንም።

አዎ፣ የሚናገር ድንጋይ አለ። የጭቃ ድንጋይ ንጣፍ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ትንንሽ ፍርፋሪ ያራግፋል፣ ደርቆ የኖረው ጣሪያ ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ የእንጨት ድጋፉ ይንቋቋል። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው። ስህተቱ የሚጀምረው ድምፅ ያልተሰማበት ጣሪያ ደኅና ነው ሲባል ነው።

ጠንካራና ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ ብዙ ሳይጎብጥ ባንድ ጊዜ ይሰበራል። ከእሱ የሚብሰው ሽብልቅ ነው። በጣሪያው ውስጥ ሁለት የሚያዳልጡ ስንጥቆች ወደ ላይ ሄደው ከተጋጠሙ በመካከላቸው ያለው ድንጋይ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሥሩ ያለው ከሰል ደግፎት ነው እንጂ ድሮውንም ወዳቂ ነበር። ከሰሉን ስታነሡ ይወርዳል፤ የሚሰበር ነገር ስለሌለ የሚሰማ ድምፅም የለም። በአሜሪካ የአፓላቺያ ከሰል ማዕድኖች ውስጥ ደግሞ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ቆመው የተቀበሩ የዛፍ ግንዶች ድንጋይ ሆነው ጣሪያው ውስጥ ይገኛሉ። ከሥር ሲያዩዋቸው የድስት ቂጥ ይመስላሉ። ዙሪያቸውን የከበባቸው ስስ የከሰል ቅርፊት ስለሚያዳልጥ ያለ አንዳች ምልክት ሹልክ ብለው ይወድቃሉ፤ ክብደታቸው ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው።

«በዲጅኖ ኳ ኳ አድርጌ አረጋግጣለሁ» የሚለኝም አለ። ማንኳኳት ጥሩ ነው፣ እኔም በየቀኑ አደርገው ነበር። የተላቀቀ ድንጋይ እንደ ከበሮ ዱም ይላል፣ ያልተላቀቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ግን ዲጅኖ የሚነግራችሁ ስለ ቅርቡ ቅርፊት ብቻ ነው። ንጣፉ የተለያየው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ያታልላችኋል። ዊትባንክ ሳለሁ አንድ ጠዋት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ መተላለፊያ እያንኳኳን አለፍን። ሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ቆመንበት የነበረው ቦታ ላይ ምጣድ የሚያህል ሳይሆን ጎጆ የሚያህል ሽብልቅ ወርዷል። በዚያ ግማሽ ሰዓት አካባቢው ሁሉ ጸጥ ያለ ስለነበር አንዳች ብንሰማ ኖሮ እንነግራችሁ ነበር። ባልደረባዬ ከዚያ ቀን በኋላ ቦልት፣ ማለትም ጣሪያው ተበስቶ የሚገባው ረጅም የብረት ዘንግ፣ ያልገባበት ጣሪያ ሥር እግሩን አላስገባም፤ እኔም እንዲሁ።

ስለዚህ ጆሯችሁን ጠባቂ አታድርጉት። ድጋፍ ከሌለው ጣሪያ ሥር አለመግባት ነው ጠባቂው።

ወደ ሁለተኛው የተሳሳተ አባባል ልሂድ፦ «ጥሩ የባሕር ዛፍ ባላ ካቆምኩ ተራራውን ይይዘዋል።» አይይዘውም። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል። 200 ሜትር ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈው 500 ቶን፣ ማለትም 5,000 ኩንታል ነው። ይህን የሚሸከም እንጨት በቾቄ ተራራም አይበቅልም። ተራራውን የሚሸከመው በግራና በቀኝ የቀረው ድንጋይ ራሱ ነው። ባላው የሚይዘው ከጣሪያው የላላችዋን ታችኛዋን ክፍል ብቻ ነው፣ ሥራው እሱ ነው፣ ለእሱም በጣም ያስፈልጋል። ቦልትም ቢሆን ጣሪያውን ወደ ላይ አይገፋም። ስስ ስስ ጣውላ ደራርባችሁ ብትቆሙበት ይጎብጣል፤ እነዚያኑ ጣውላዎች በቡሎን ብታስሯቸው እንደ አንድ ወፍራም ጣውላ ይሸከማሉ። አሜሪካኖች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሰል ማዕድናቸውን በዚህ ዘዴ የሞሉት ለዚህ ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ጫናው ከላይ ብቻ ነው» ውሸት ነው፤ በምሥራቅ አሜሪካና በአውስትራሊያ በብዙ ማዕድኖች የጎኑ ጫና ከላዩ ይበልጣል፣ ስለዚህ መተላለፊያው ወደየት አቅጣጫ እንደተቆፈረም ለውጥ ያመጣል። «ክረምት የውጭ ነገር ነው፣ ውስጥ አይገባም» ይባላል፤ የጭቃ ድንጋይ ግን የአየሩን እርጥበት እንኳ ጠጥቶ ይፈረፈራል። «አያቶቻችን የቆፈሩት ዋሻ እስካሁን ቆሟል» ለሚሉኝ፣ የወደቁትን ዋሻዎች ማን ሊያሳያችሁ ይችላል? ተቀብረዋል።

አሁን ወደ ምሰሶው ልምጣ፤ ብዙ ሰው በአንዴ የሚሞተው በእሱ ነውና። «ትንሽ ብናቀጥነው ምን ይሆናል፣ እሱም እኮ ከሰል ነው» የሚል አሠሪ በየአገሩ አለ። የጎጃም ሰው ምሰሶ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ጎጆ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚመረጠው እንጨት የመካከሉ ምሰሶ ነው፤ ማንም መጥረቢያ ይዞ ጎኑን ሲጠርብለት አይታይም። ከምድር በታች ግን ሰው ይህን ይረሳል። ከከሰሉ ግማሹ ከወጣ የቀረው ግማሽ ሁለት እጥፍ ይሸከማል፤ በ200 ሜትር ጥልቀት በካሬ ሜትር 10,000 ኩንታል ማለት ነው። አንዱ ምሰሶ ከከዳ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ እሱም ከከዳ ወደሚቀጥለው።

ጥር 12 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ጥምቀት ባለፈ ማግሥት፣ ደቡብ አፍሪካ ኮልብሩክ በተባለ ማዕድን ይኸው ሆነ። ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ከዱና 435 ሰዎች እዚያው ተቀበሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ከአደጋው በፊት ከጣሪያው በኩል ተጨማሪ ከሰል ስለተነሣ ምሰሶዎቹ ረዝመው ነበር፤ ምሰሶ ደግሞ ስፋቱ ሳይጨምር ከረዘመ ይደክማል። ከአደጋው ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎም በዚያው ማዕድን አንድ ክፍል ተደርምሶ ነበር። ያኔ ድንጋዩ ተናግሯል፣ ሥራው ግን ቀጠለ። ሳላሞንና መንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. 98 የቆሙና 27 የፈረሱ የምሰሶ ሥራዎችን አነጻጽረው የምሰሶን አቅም ከስፋቱና ከቁመቱ የሚያሰላ ቀመር ያወጡት ከዚህ እልቂት በኋላ ነው። እኔም ዊትባንክ የሠራሁት በዚሁ ቀመር ነው። እያንዳንዷ ቁጥር በደም እንደተከፈለባት እያሰብኩ ነበር የማሰላው።

«የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ያፈረሰው» የሚለው ማመካኛም ያናድደኛል። ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. አሜሪካ ዩታ ውስጥ ክራንዳል ካንየን የሚባል ማዕድን ፈርሶ ስድስት ሠራተኞች ተቀበሩ። የማዕድኑ ባለቤት መንቀጥቀጥ ነው አለ። የመንግሥት ምርመራ ያገኘው ግን በመሣሪያ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ የማዕድኑ መፍረስ ራሱ መሆኑን ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሊያወጧቸው ከገቡት ሦስቱ በሌላ ፍርስራሽ ሞቱ። የኛ ሰው ናዳ ሲወርድ ወንድሙን ለማውጣት ዶማ ይዞ የሚሮጠው በደግነቱ ነው፤ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ የተቀበረ ዕለት ጎረቤቶቹ ያን ተንጠልጥሎ የቀረ ግድግዳ ሥር ገብተው ቆፍረዋል። ሁለተኛ ቢወርድ ኖሮ አምስት ለቅሶ ነበር። መጀመሪያ የተንጠለጠለው ከላይ ይነሣ፣ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ግድግዳውን ብቻ ይመልከት፣ ከዚያ ይቆፈር።

ነጭ አፈርም ሆነ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ የምታወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥር አትቦርቡሩ። ከላይ ጀምራችሁ በእርከን ውረዱ፤ እርከን መሥራትን ለጎጃም ገበሬ ማንም አያስተምረውም። የእያንዳንዱ እርከን ቁመት ከሰው ቁመት አይበልጥ። ዝናብ ካደረ ጠዋት ማንም ከሥር አይቁም። ከላይ በጠርዙ በኩል መሬቱ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ምቱና መስፋቱን ለማወቅ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ።

ጣሪያ ሥር ለመግባት የምትገደዱ ደግሞ አንድ ሚስማር ወለሉ ላይ፣ አንድ ሚስማር ትክክል ከላዩ ጣሪያው ላይ ምቱ። በየጠዋቱ ሥራ ሳትጀምሩ ድጋፍ ባለበት ቆማችሁ በሜትር ለኩና ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። ትናንት 182 ሳንቲም ሜትር የነበረው ዛሬ 181 ከሆነ፣ ምንም ድምፅ ባትሰሙም፣ መሣሪያችሁን እዚያው ትታችሁ ውጡ።