የካቻምና እንቁላል፦ ሜይፍላይ ለምን አንድ ዓመት ይበዛል፣ አንድ ዓመት ይሳሳል

ሜይፍላይ ዕድሜውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ውሃ ውስጥ አሳልፎ፣ ክንፍ ካወጣ በኋላ ጥቂት ቀን ብቻ የሚኖር ነፍሳት ነው። በደቡብ እንግሊዝ በጠመኔ ድንጋይ ላይ በሚፈሱት፣ ትራውት የተባለው ዓሣ በሚኖርባቸው ወንዞች፣ በቴስት፣ በኢቸንና በኬኔት፣ ስመ ጥሩ ዝርያ ኤፌሜራ ዳኒካ ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መግቢያ ይወጣል። አንዳንዱ ዓመት የወንዙን ዳር ያለብሰዋል፤ ሌላው ዓመት አጥማጁ ጥቂት ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ብዙ ሰው ምክንያቱን በዕለቱ ሰማይ ላይ ይፈልጋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ክንፍ አልባ እጭ ግን በጠጠርና በደለል ውስጥ ተቀብሮ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ስለሚቆይ፣ ዘንድሮ የሚበረው የካቻምና እንቁላል ነው። አንዱ ትውልድ ተጎድቶ ሌላው ከዳነ ወንዙ አንድ ዓመት ጠግቦ አንድ ዓመት ሊራብ ይችላል። ውሃው ሞቅ ሲል ደግሞ ከፊሎቹ በአንድ ዓመት ይደርሱና ትውልዶቹ ይቀላቀላሉ።

የደረሰው እጭ ወደ ላይ ይዋኛል፤ የጀርባው ቆዳ ይሰነጠቅና ክንፋም ሆኖ ይወጣል። ክንፉ እስኪጠነክር እንደ ትንሽ ጀልባ ሲንሳፈፍ ትራውት ከሥር መጥቶ ይለቅመዋል። ያመለጠው ቁጥቋጦ ላይ አርፎ ዳግመኛ ቆዳውን ይገፍፋል፤ ዛሬ ካሉት ነፍሳት መካከል ክንፍ አውጥቶ ቆዳ የሚገፍ ሌላ ወገን የለም። ምግብም አይቀምስም። ወንዶቹ በቁጥቋጦ አናት ላይ ወጣ ወረድ እያሉ ይጨፍራሉ፤ ሴቶቹ ተዳቅለው በውሃው ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እነዚህ ጥቂት ሰዓታት በነፋስና በዝናብ ከተበላሹ ጉዳቱ የሚታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከአስፋልት ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን እንደ ውሃ ስለሚታያቸው መንገድ ላይ እንቁላላቸውን የሚያባክኑም አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በእንግሊዝ የብርዱ ወራት ዝናብ የከርሰ ምድሩን ውሃ ካልሞላ ወንዙ በሞቃቱ ወራት ይመነምናል፤ የ1976ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ከእርሻ የሚታጠብ ደለል ጉዳዩን ያወሳስበዋል፦ ቆፍሮ የሚኖረው ኤፌሜራ ዳኒካ ይችለዋል፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ትናንሽ ዘመዶቹ ግን ይታፈናሉ።

መርዝ ግን አይመርጥም። በሐምሌ 2013 (እ.ኤ.አ.) ክሎርፓይሪፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ወደ ኬኔት ገብቶ ከማርልበሮ ከተማ በታች 15 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዙን ነፍሳት ፈጀ። መጀመሪያ ያስተዋሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የወንዙን ወለል በእግራቸው ለ3 ደቂቃ እያመሱ መረብ ውስጥ የገባውን የሚቆጥሩ ሰዎች።